ደብዳቤ ለልጄ፦ «ሲስተም የለም» ሲባል

ደሴ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሐያት፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? የደሴውን መሸጫ፣ የኮምቦልቻውን የዱቄት መጋዘንና የሂሳብ ክፍሉን ፒችትሪ (የሂሳብ መዝገብ ሶፍትዌሩን) የማገናኘቱ ሥራ አንቺ ላይ እንደወደቀ ነገርሽኝ። አብሽሪ፣ ሦስት ሲስተም ነው። ስልኩ እየተቆራረጠ ወሬያችንን ስላላስጨረሰን በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

የመሣሪያ ምርጫውን ቶሎ ልጨርሰው፣ ብዙ አያነጋግርም። እያንዳንዱን ሲስተም ከእያንዳንዱ ጋር በቀጥታ ካያያዝሽ 3 ሲስተም 3 መስመር ይፈልጋል፣ 6 ሲስተም ግን 15። መሀል ላይ አገናኝ ሶፍትዌር የሚተከለው መስመሩ እንዲህ ሲበዛ ነው። ካፍካ የሚባለውን ትልቅ የመልእክት አስተላላፊ ሶፍትዌር ካልተከልሽ የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ጎበዝ ዕቃ ነው፣ ግን ለሦስት ሲስተም ካፍካ ማለት አንድ ኩንታል ለመጫን ሲኖትራክ መጥራት ነው። ለጊዜው ሁለት ሠንጠረዥና አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይበቃሻል።

አሁን ወደ ዋናው። ደሴ ላይ አንድ ሽያጭ ተቆረጠ እንበል፦ ባለ 50 ኪሎ ዱቄት፣ 40 ከረጢት። የሱቁ ሲስተም «40 አውጣ» ብሎ ወደ ኮምቦልቻ ላከ። 30 ሰከንድ ጠበቀ። መልስ የለም። መልእክቱ ሐረጎን፣ የደሴ–ኮምቦልቻን ቁልቁለት፣ ሳይወርድ ቀርቶ ይሆናል። ወይም ደርሶ፣ 40ውም ከክምችት ተቀንሶ፣ መንገድ ላይ የጠፋው «እሺ» የሚለው መልስ ይሆናል። ደሴ ሆነሽ ስታዪው ሁለቱ አይለዩም። የመጀመሪያው ሆኖ ደግመሽ ካልላክሽ ዱቄቱ ከመጋዘን ወጥቶ መዝገብ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ ሁለተኛው ሆኖ ደግመሽ ከላክሽ መዝገቡ ላይ 80 ይወጣል። የመጋዘን ኃላፊውና የሂሳብ ሠራተኛው በጎሪጥ የሚተያዩት አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ጉዳይ ነው፣ የሰረቀ ሰው በሌለበት።

መፍትሔው ደግሞ መላክ ነው፣ ግን ተቀባዩ ድጋሚ መሆኑን እንዲያውቅ አድርገሽ። እያንዳንዱ መልእክት ሲፈጠር የማይደገም ቁጥር ይሰጠው፤ 10 ጊዜ ቢላክም ቁጥሩ ያው ይሁን። ጀማሪ የሚሳሳተው በላከ ቁጥር አዲስ ቁጥር እየፈጠረ ነው፤ ያኔ ቁጥሩ መኖሩ ምንም አይጠቅምም። ኮምቦልቻ በኩል «የደረሱ» የሚል ሠንጠረዥ ይከፈት፣ የመልእክት ቁጥሩ ዓምድ ድግግሞሽ እንዳይቀበል ተደርጎ። ቁጥሩን መመዝገቡና 40ውን መቀነሱ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይሁኑ፣ ማለትም ወይ ሁለቱም ይጻፉ ወይ ሁለቱም ይቅሩ። ቁጥሩ ቀድሞ ካለ ምንም ሳይቀነስ የቀድሞው «እሺ» ይመለስ። «ስህተት፣ ተደግሟል» ብሎ አይመልስ፣ ላኪው አልደረሰም ብሎ መጎትጎቱን አይተውምና።

ላኪውም ጋ ተመሳሳይ ቀዳዳ አለ። ብዙ ፕሮግራመር መጀመሪያ ሽያጩን ዳታቤዝ ላይ ይጽፍና ቀጥሎ ወደ ኮምቦልቻ ይልካል። በሁለቱ መሀል መብራት ከሄደ ሽያጩ አለ፣ መልእክቱ ግን ጭራሽ አልተፈጠረም፤ እንደጎደለ የሚያውቅም የለም። ስለዚህ በዚያው በሱቁ ዳታቤዝ ውስጥ «የሚላኩ» የሚል ሠንጠረዥ ክፈቺ፦ የመልእክት ቁጥር፣ ዓይነት፣ ይዘት፣ የተፈጠረበት ሰዓት፣ የተላከበት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንደተሞከረ። ሽያጩና የዚህ ሠንጠረዥ መስመር አንድ ላይ ይጻፋሉ፤ ወይ ሁለቱም አሉ፣ ወይ ሁለቱም የሉም። ትንሿ ፕሮግራም በየ10 ሰከንዱ ያልተላከውን እያነሳች ትልካለች። ኮምቦልቻ ኔትወርክ ባይኖርም ካሸሯ «ሲስተም የለም» ብላ ደንበኛ አትመልስም፤ ሽያጯን ትቆርጣለች፣ መልእክቱ ወረፋውን ይጠብቃል።

ድጋሚ ሲላክ በየሰከንዱ አይሁን። ከ1 ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያ ከ2፣ ከ4፣ ከ8፣ ከዚያ በየ15 ደቂቃው። ጥቂት የዘፈቀደ ሰከንድ ጨምሪበት፣ አለዚያ መብራት ሲመጣ ሁሉም በአንዴ ይጎርፋል። ውድቀቱንም ለዪ። ተቀባዩ የሚመልሰው የስህተት ቁጥር 503 (ለጊዜው አላገለግልም) ወይም ዝምታ ከሆነ ሳይሰለቹ መሞከር ነው። 429 (በዛብኝ) ከመጣ ፍጥነትሽን ቀንሺ። 401 ብዙ ጊዜ ቶክኑ (የመግቢያ ፈቃዱ) ጊዜው አልፏል ማለት ነው፤ አድሰሽ ላኪ። 400 ግን ይዘቱ ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ሺህ ጊዜ ብትልኪው ያው ነው። እሱን ከወረፋው አውጥተሽ ለብቻው አስቀምጪው፣ ሰው ይየው። ካላወጣሽው ሐረጎ ላይ እንደቆመ ተሳቢ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያግዳል።

ሱቆቹ በዝተው ራቢትኤምኪውን፣ መልእክት በወረፋ የሚያስተላልፈውን ሶፍትዌር፣ የምትጨምሪበት ቀን ከመጣ ሦስት ነገር አትርሺ። ወረፋውም መልእክቱም፣ ሁለቱም ዲስክ ላይ እንዲጻፉ ለየብቻ ይታዘዛሉ፤ አንዱን ብቻ አድርጎ ሰርቨሩ ሲነሳ ባዶ ወረፋ የሚያገኝ ብዙ ነው። «ተቀብያለሁ» የሚለውን ማረጋገጫ ደግሞ አውቶማቲክ አታድርጊው፤ ዳታቤዙ ከጻፈ በኋላ ብቻ ፕሮግራምሽ ራሱ ይላከው። መልእክት ቁጥሩና «የደረሱ» ሠንጠረዡም ያኔ አይቀሩም፣ ራቢትኤምኪውም ሁለቴ ሊያደርስ ይችላል።

ይዘቱ ላይ ጊዜ ውሰጂ፤ መስመሩ ሲበጠስ ይታያል፣ ይዘቱ ሲሳሳት ግን አይታይም። ሱቁ በከረጢት ይሸጣል፣ መጋዘኑ በኩንታል ይቆጥራል። 40 ከረጢት 20 ኩንታል ነው። መልእክቱ «40» ብቻ ካለና መጋዘኑ ኩንታል ብሎ ካነበበው፣ በአንድ ሽያጭ 20 ኩንታል መዝገብ ላይ ጠፋ። ቁጥር ያለ መለኪያው አይላክ።

ጳጉሜን ሊገባ ሦስት ሳምንት አልቀረውም፣ የቀኑን ነገር አሁኑኑ እዪው። ሱቅ ውስጥ ጳጉሜን 3 ቀን 2017ን «3/13/2017» ብለው ይጽፉታል። ወርን አስቀድሞ የሚያነብ ሲስተም ይህን ማርች 13 ቀን 2017 ብሎ ያለምንም ቅሬታ ይቀበለዋል፤ ሽያጩ ከ8 ዓመት በላይ ወደኋላ ሄደ ማለት ነው። ቀንን አስቀድሞ የሚያነበው 13ኛ ወር የለም ብሎ ይጥለዋል። የሚጥለው ይሻልሻል፣ ቢያንስ ይጮሃል። በመስመሩ ላይ የሚሄደው ቀን ሁልጊዜ 2025-09-08 በሚለው አጻጻፍ ይሁን፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚለወጠው ስክሪንና ወረቀት ላይ ብቻ። ሰዓትም እንዲሁ ነው። የመጋዘኑ ሶፍትዌር ኦዱ ዳታቤዙ ውስጥ ሰዓትን የሚያስቀምጠው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት)፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው። የማታ ፈረቃው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ያስገባው ምርት በጥሬው ካነበብሽው በትናንትናው ቀን 22:00 ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ሪፖርቱን በቀጥታ ከዳታቤዝ የሚያወጣ ሰው ቀኑን ሳያስተካክል ከሄደ የየቀኑ ምርት መቼም አይገጥምለትም።

በስም አታገናኚ። ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሐመድ አንድ ደንበኛ ሊሆን ይችላል፣ ሦስት የተለያየ ሰውም ሊሆን ይችላል፤ ወሎ ውስጥ ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። የሱቁን የደንበኛ ቁጥር ከፒችትሪው የደንበኛ መለያ ጋር የሚያጣምር ሠንጠረዥ አዘጋጂና በእጅ አረጋግጪው፣ አሰልቺ ቢሆንም። ቲን ነምበር 10 አሃዝ ነው፤ በ00 የሚጀምረውን ኤክሴል ቁጥር መስሎት ዜሮዎቹን ይበላል፣ 8 አሃዝ ይቀርሻል። ዓምዱን ጽሑፍ አድርጊው። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ዘዴ 3 ባይት ይይዛል፤ 20 ባይት የተፈቀደለት የስም ቦታ 6 ፊደል ብቻ ይችላል፣ 7ኛው መሀሉ ላይ ይቆረጥና ያልታወቀ ምልክት ይሆናል። እንግሊዝኛ ስም ብቻ አስገብቶ የሞከረ ሰው ይህን አያየውም።

ቫት ያለበት ዕቃ ላይ ሳንቲም የምትጎድልበት ምክንያት ይህ ነው፦ 10.10 ብር የሆነ ዕቃ በ15 በመቶ 1.515 ይመጣል፣ 1.52 ተብሎ ይጠጋጋል፤ ሦስት መስመር 4.56 ይሆናል። ድምሩን 30.30ን አንዴ ካሰብሽው ግን 4.545፣ ማለትም 4.55። ሱቁ በየመስመሩ፣ ሂሳብ ክፍሉ በድምሩ ካሰሉ በየደረሰኙ 1 ሳንቲም ስትፈልጉ ትከርማላችሁ። አንዱ ያስላ፣ ሌላው የተሰላውን ብቻ ይቀበል። በአጠቃላይ ለእያንዳንዱ መረጃ አንድ ባለቤት ይኑረው፦ ዋጋ የሂሳብ ክፍል፣ የዕቃ መለያ የመጋዘን፣ ሽያጭ የሱቅ። ሁለት ቦታ የሚታረም ዋጋ ሁለት ዋጋ ነው።

ፒችትሪ ጋ በፋይል ነው የምትሄጂው፣ ሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) አዘጋጅቶ ማስገባት። ደንበኛና ዕቃ ይቅደሙ፣ ሽያጩ ይከተል፤ ያልተመዘገበ ደንበኛ ያለበት ሽያጭ አይገባም። ፋይሉ ተጽፎ ሳያልቅ ሌላው እንዳያነሳው መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፍ፣ ሲያልቅ ስሙ ይቀየር። የገባው ፋይል ወዲያው «የገባ» ወደሚል ፎልደር ይዛወር፣ ነገ ሌላ ሰው ደግሞ እንዳያስገባው። ከማስገባትሽ በፊት ባክአፕ ያዢ፤ የገባውን አንድ በአንድ ከመሰረዝ ባክአፕ መመለስ ይቀላል።

ማታ ሱቁ ሲዘጋ ሁለቱም ወገን የዕለቱን የሽያጭ ብዛትና የከረጢት ድምር ያውጡ። ድምር ብቻ አይበቃም፤ አንዱ 10 ጎድሎበት ሌላው 10 በዝቶበት ድምሩ ሊገጥም ይችላል። በመልእክት ቁጥር አመሳክሪና የማይገጥሙትን ብቻ ዘርዝሪ። መብራት ጠፍቶ በወረቀት ለሚወጣው ዕቃ ከ90001 የሚጀምር የራሱ ቁጥር ስጪ፣ በኋላ ሲገባ ከሲስተሙ ቁጥር ጋር እንዳይጋጭ።

አዲሱን ከአሮጌው ጎን ለጎን አንድ ወር አስኪጂው፣ የምትጀምሪውም ቆጠራ በተደረገ ማግስት ይሁን። የሰኔ መዝጊያ አልፏል፣ ጊዜ አለሽ። ፓስወርድ ኮድ ውስጥ እንዳትጽፊ መንገር ያለብኝ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ስትመጪ ያለፉትን አሥር ቀናት የሱቅና የመጋዘን የልዩነት ዝርዝር በወረቀት አትመሽ ያዥ፣ ቡና እየጠጣን አንድ በአንድ እናየዋለን። ሐረጎ ላይ ጉሙ ከብዷል፣ ከመሸ እንዳትሳፈሪ።

እናትሽ