ወተቱ አልተበላሸም፣ ስልባቦቱ ነው

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ከባህር ዳሩ ወተት ቤት ነው። ሰሞኑን ጠርሙስ ይዛችሁ የመጣችሁም የደወላችሁም ብዙ ናችሁ፣ "ላዩ ላይ የሆነ ነገር ተንሳፏል"፣ "አይብ አይብ ብሏል" ምናምን። አንድ እናታችን እንደውም ከሽንብጥ በባጃጅ መጥተው ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረጉና "ልጄ ይሄንንማ ለልጅ ልጆቼ አላጠጣም" አሉን። ከፈትነው፣ አንገቱ ላይ ጣት የሚያህል ወፍራም ነገር አለ፣ በማንኪያ አውጥተን ሰጠናቸው፣ ዝም ብለው አጣጣሙትና "ውይ! ስልባቦት ነው እንዴ! የካርቶኑን ለምጄ እኮ ረስቼው ነው" ብለው እየሳቁ ጠርሙሱን ይዘው ተመለሱ። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ወተቱን ስንቀይር ቀድመን መንገር ነበረብን።

እንደምታውቁት እስካሁን የካርቶንና የላስቲክ ወተት አምጥተን ነበር የምናከፋፍለው። አሁን ከዘንዘልማና ከመሸንቲ በኩል ካሉ አርቢዎች ጠዋት ጠዋት ተረክበን ራሳችን ነን የምናዘጋጀው። የካርቶኑ ወተት ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰከንድ ይሞቃል፣ ሳይከፈት ያለ ፍሪጅ ወራት የሚቆየው ለዛ ነው፣ ያ ተቃጠል ተቃጠል የሚል ጣዕሙም ከሙቀቱ ነው የሚመጣው። ሌላው ሆሞጂናይዝ የሚባለው ነው፣ ወተቱን በከባድ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ ያሳልፉትና ቅባቱ ይደቃል፣ ስለዚህ ወደ ላይ አይወጣም፣ ስልባቦት የለም፣ ተንጦም ቅቤ በቀላሉ አይወጣውም። ይሄ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፣ መብራት እንደልቡ በሚሄድበት አገር የካርቶን ወተት ከብዙ ችግር አውጥቶናል። እኛ ግን 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ እናቆየዋለን፣ ቶሎ እናቀዘቅዘዋለን፣ ጠርሙስ ውስጥ እንከተዋለን፣ በቃ። ስትጠጡ ጠርሙሱን ወዝወዝ አድርጉት፣ ወይ ስልባቦቱን ቀድማችሁ ለቡናው አውጡት (እኛ ቤት የሚጣሉበት እሱ ነው)።

"ታዲያ ከነአካቴው ጥሬውን ለምን አትሸጡልንም፣ አያቶቻችን ጥሬ ጠጥተው አይደል ያደጉት" የሚሉም አሉ። አንሸጥም። ብሩሴሎሲስም የከብት ቲቢም በጥሬ ወተት ይተላለፋል፣ ብሩሴሎሲስ ደግሞ ትኩሳቱ መጣ ሄደ እያለ፣ መገጣጠሚያ እየቆረጠመ፣ ላብ በላብ እያደረገ ስለሆነ እንደኛ ባለ የወባ አገር ሰው ወባ ነው ታይፎይድ ነው እያለ ወራት ይንከራተታል። ላሟ ጤነኛ ትመስላለች፣ በዓይን አይታወቅም። ከዘመድ ጥሬ ወተት ከመጣላችሁም አፍሉት፣ አረፋው ሲነሳ ደርሷል ብላችሁ አታውርዱ፣ እያማሰላችሁ ትንሽ አቆዩት። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ወተት 100 ሳይደርስ ነው የሚፈላው፣ ቢሆንም ለነዚህ ጀርሞች ከበቂ በላይ ነው። የኛን ግን ድጋሚ ማፍላት ግዴታ የለባችሁም፣ ሲሞቅ ከወደዳችሁ አሙቁት።

አሁን እርጎው። ብዙ ቅሬታ የመጣው ከዚህ ነው፣ "ሁለት ቀን አስቀምጬው አልረጋም፣ መረረ" ብላችሁናል። ልክ ናችሁ፣ አይረጋም። ጥሬ ወተት ራሱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው የሚያረጉት፣ እኛ ስናሞቀው መጥፎዎቹም እነሱም አብረው ይሞታሉ፣ ከዛ በኋላ ዝም ብላችሁ ብታስቀምጡት ሌላ ነገር ገብቶ ያበላሸዋል እንጂ እርጎ አይሆንም። ስለዚህ እርሾ ስጡት፣ ለብ ያለ ወተት ላይ (ጣት ሲገባ የማያቃጥል) ካለፈው እርጎ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ከድናችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሩት፣ ጠዋት ረግቶ ታገኙታላችሁ። እቃውን በወይራ አጥናችሁት ከሆነማ እኛንም ጥሩን።

ልጆች ላይ ግን አትቸኩሉ። የካርቶኑን የለመደ ልጅ ይሄን ላም ላም ይላል ብሎ ፊቱን ያዞራል፣ የኔም ሁለተኛ ልጅ ሳምንት ሙሉ በጄ አላለም። እኛ ቤት የሰራው መጀመሪያ አጥሚትና ሻይ ውስጥ ማግባት፣ ከዛ ግማሽ የለመደውን ግማሽ አዲሱን መቀላቀል፣ ከዛ ቀስ እያሉ የለመደውን መቀነስ ነው፣ ስልባቦት የሚጠላ ካለም ወንፊት አለ። ዓመት ያልሞላው ህፃን ግን የኛም ይሁን የማንም የላም ወተት በእናት ጡት ቦታ አይሰጠውም። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው ደግሞ ይሄኛው ሆሞጂናይዝ ስለማይደረግ ይስማማኛል ብሎ እንዳይገዛን፣ ላክቶሱ ያው ነው፣ እርጎ ይሞክር፣ በእርጎው ላክቶሱ ይቀንሳል።

ቀለሙን ለጠየቃችሁ፣ ምንም አንጨምርም። ክረምት ወጥቶ ሳሩ ለምለም ሲሆን ስልባቦቱም ቅቤውም ቢጫ ይላል፣ በበጋ ላሞቹ ጭድ ሲበሉ ይነጣል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከፎገራ ላሞች የታለበ ይደባለቃል፣ የፎገራ ላም ወተቷ ከፈረንጇ ያንሳል ግን ቅባቱ ይበልጣል፣ ያን ቀን ስልባቦቱ ወፍሮ ታዩታላችሁ። የሻገተ ፋጉሎ የሚያበላ አርቢ ወተት ግን አንቀበልም፣ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ከመኖው ወደ ወተቱ ያልፋል፣ ብናሞቀውም ብታፈሉትም አይጠፋም።

አንድ የምንክሰው ነገር አለ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ለቀበሌ 14 ዘጠኝ ቤቶች የደረሰው ወተት ከምር ኮምጥጦ ነበር፣ ማታ መብራት ሄዶ ፍሪጁ ሞቆ አድሮ እኛ ሳንቀምስ ጭነን ላክነው። ዘጠኛችሁም በሚቀጥለው ዙር ሁለት ሁለት ሊትር በነፃ ትወስዳላችሁ። ከዚህ በኋላ ጠዋት ሳይቀመስ የሚወጣ ጠርሙስ የለም።

ጠርሙሱ እጃችሁ ሲገባ ወዲያው ፍሪጅ አስገቡት፣ በሦስት ቀን ጨርሱት። ረቡዕና አርብ ለጿሚ ቤቶች አናመጣም፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከጠርሙሱ የተረፋችሁ ካለ አርጉት። ሁዳዴ ሲገባም ወተቱን አይብና ቅቤ ነው የምናደርገው፣ ለፋሲካ ቅቤ የምትፈልጉ ከአሁኑ አስመዝግቡ። ባዶ ጠርሙሱን አለቅልቃችሁ ለባጃጅ ልጁ ስጡልን፣ ክዳኑን አትርሱ፣ ክዳን አልቆብናል።