የምህንድስና ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ የቧንቧና የመለኪያ መሣሪያዎች ንድፍ

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው አንድ ጉዳይ ነው፤ በፋብሪካ ሰዎች ዘንድ ፒ ኤንድ አይዲ የሚባለውን የቧንቧና የመለኪያ መሣሪያዎች ንድፍ አንብቦ መረዳት። መለማመጃችን የግቢያችን የውኃ መስመር ነበር። ጎንደር ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ መሬት ላይ ባለው ታንከር እናጠራቅማለን፤ ከዚያ በፓምፕ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ይወጣል። ትንሽ መስመር ናት፤ ሆኖም በትልቅ ፋብሪካ ንድፍ ላይ የሚነሱት ጥያቄዎች እሷም ላይ ይነሳሉ።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ምልክቶቹን አጠናን። እያንዳንዱ የመለኪያ መሣሪያ በንድፉ ላይ ፊደላት በተጻፉበት ክብ ይወከላል። በክቡ ውስጥ የመጀመሪያው ፊደል የሚለካውን ነገር ይነግራል፦ ፒ ግፊት፣ ቲ ሙቀት፣ ኤፍ ፍሰት፣ ኤል የፈሳሽ ከፍታ። ቀጥሎ ያለው ፊደል የመሣሪያውን ሥራ ይገልጻል፦ አይ ያሳያል፣ ቲ ምልክት ይልካል፣ ሲ ይቆጣጠራል፣ ኤስ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ኤልኤስኤል ላይ የፊተኛው ኤል ከፍታ፣ የኋለኛው ዝቅተኛ ማለት ነው። ተማሪዎችን አብዝቶ ያሳሳተው ኤፍሲ ነው። በክብ ውስጥ ሲሆን የፍሰት ተቆጣጣሪ ነው፤ ከቫልቭ ሥር ሲጻፍ ግን «ኃይል ሲቋረጥ ይዘጋል» ማለት ነው። ክቡ መሐሉ ባዶ ከሆነ መሣሪያው እዚያው ቧንቧው ዘንድ ይገኛል፤ አግድም ድፍን መስመር ካለፈበት ከመቆጣጠሪያ ክፍል ይፈለጋል። ድፍን መስመር ቧንቧ ነው፣ ቁርጥርጡ የኤሌክትሪክ ምልክት። ርቀትን ከዚህ ንድፍ ላይ በማስመሪያ መለካት አይቻልም፤ የሚያሳየው ምን ከምን ጋር እንደተገናኘ እንጂ ስፋትና ርዝመትን አይደለም።

አብዝተን የቆየነው «አንድ ነገር ቢበላሽ መስመሩ ምን ይሆናል?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ንድፍ የሚነበበው በዋናነት ለዚህ ይመስለናል። የከፍታ መለኪያ የሚልከው ምልክት ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፒር ነው። የሮቶው መለኪያ ከ0 እስከ 2 ሜትር ቢሆን 1 ሜትር ውኃ 12 ሚሊአምፒር፣ 1.5 ሜትር 16 ይሆናል። ከ0 የማይጀምረው ባዶ ሮቶና የተቆረጠ ሽቦ እንዳይምታቱ ነው፤ 4 ባዶ ነው፣ 0 ብልሽት። የታችኛው ታንከር ኤልኤስኤልም በዚሁ ሐሳብ ይገጠማል። ውኃ ሲኖር የኤሌክትሪክ ዑደቱ የተዘጋ (የተገናኘ) ይሆንና ውኃ ሲጎድል ይከፈታል (ይቋረጣል)፤ ሽቦው ቢበጠስም እንዲሁ ይከፈትና ፓምፑን ያቆማል። አለበለዚያ ፓምፑ በደረቁ ይሠራና ውኃ የሚያቀዘቅዘው የዘንጉ ማሸጊያ (ሲል) ይቃጠላል።

የቫልቭም ነገር ያው ነው። በአየር ግፊት የሚሠራ ቫልቭ አየር ሲያጣ ስፕሪንጉ ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል። ለማሞቂያ የሚገባ የእንፋሎት ቫልቭ ቢዘጋ ይመረጣል፤ ራሱ ሙቀት የሚያመነጭ ኬሚካላዊ ውህደት ያለበት ታንክ የማቀዝቀዣ ውኃ ቫልቭ ግን ክፍት ሆኖ መቅረት አለበት።

ተማሪዎች በሣሏቸው የመጀመሪያ ንድፎች ላይ ከሁሉ በላይ የተዘለለው ከፓምፑ በኋላ መኖር ያለበት ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ውኃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ነው። እሱ ከሌለ መብራት በጠፋ ቁጥር ጣሪያ የደረሰው ውኃ ፓምፑን ወደ ኋላ እያሽከረከረ ሊወርድ ይችላል። ከፓምፑ ግራና ቀኝ የሚቀመጡት ሁለት መዝጊያ ቫልቮችም ብዙ ጊዜ ተረስተዋል፤ ያለ እነሱ ፓምፑን ለጥገና ለመፍታት መስመሩን በሙሉ ማፍሰስ ግድ ነው። የሮቶው አየር መተንፈሻና የትርፍ ውኃ መውጫም በአንዳንድ ንድፎች ላይ አልነበሩም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ንድፉን በኤ3 ወረቀት አትመን መስመሩን በእግር ተከተልን። አንዱ ተማሪ ቧንቧውን በእጁ እየዳሰሰ «ቫልቭ፣ ቼክ ቫልቭ፣ የግፊት መለኪያ» ሲል ሌላው የተረጋገጠውን በቢጫ ማድመቂያ ያቀልማል፤ ልዩነት ሲገኝ በቀይ ይጻፋል። አንድ ቡድን ከሦስት ሰው ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ሲበዙ ወረቀቱን የሚያየው አንዱ ብቻ ይሆናል። በቀይ የተጻፈው ሁሉ ታርሞ የእትም ቁጥርና ቀን ያለው ንድፍ በፓምፑ ቤት በር ላይ ተለጥፏል። ቫልቭ የሚቀይር ሠራተኛ በዚያው ዕለት ወረቀቱ ላይ በቀይ እንዲያሰፍር ከጥገና ክፍሉ ጋር ተስማምተናል።