በሽቦው ላይ የተደረደሩት ጭልፊቶች ጫጩት በል አይደሉም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት የመብራት ሽቦ ላይ የተደረደሩ ወፎች ፎቶ አውጥታችኋል። ከሥሩም «የዶሮ አርቢዎች ስጋት የሆነው የጭልፊት መንጋ» ብላችኋል። ፎቶው ግሩም ነው። ጽሑፉ ግን ስህተት ነው። ዝም ብዬ እንዳላልፈው ደግሞ በዚሁ ስህተት የሞተች ወፍ በእጄ ይዣለሁ።

እኔ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ኅዳር ላይ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን አንድ የጎረቤት ልጅ በነጠላ የጠቀለለውን ነገር ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ሌባዋን መታኋት» አለኝ። ነጠላውን ስገልጠው አንዲት ትንሽ ጭልፊት ናት። ክንፏ ከትከሻዋ ሥር ተሰብሯል። ከእጄ መዳፍ ብዙም አትበልጥም፤ ክብደቷም አንድ ትልቅ ብርቱካን ቢያህል ነው። አሰርኩላት፣ ውኃ በጠብታ ሰጠኋት። ሌሊቱን አላደረችም።

ጠዋት የልጁ እናት መጡ። «ዶክተር፣ እንኳን ሞተች፤ አራት ጫጩት ነው የጨረሰችብኝ» አሉ። እኔም «እትዬ፣ እስቲ አብረን እንየው» ብዬ እፊታቸው ሆዷን ከፈትኩት። የወጣው የፌንጣ ጭንቅላት፣ የፌንጣ እግርና የጥንዚዛ ክንፍ ሽፋን ነው። አንዲት ላባ የለም። የጫጩት አጥንት የለም። ሴትየዋ ጎንበስ ብለው ጥቂት አዩና «ታዲያ የኔን ጫጩቶች ማን በላቸው?» አሉ።

ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነው። ጫጩት የሚወስድ ወፍ አለ። ችግሩ ስሙ ላይ ነው። አንዱ ጭልፊት ይላል፣ ሌላው ጭላት ይላል፣ ሁሉንም በአንድ ከረጢት እንከታቸዋለን። ግቢ ላይ ዝቅ ብላ የምታንዣብበው፣ ከሥጋ ቤት ደጃፍ ቁራጭ የምትነጥቀው ትልቋ ቡናማ ወፍ ጅራቷ እንደ ዓሣ ጅራት ለሁለት የተከፈለ ነው። ጫጩት የጎደለበት ሰው መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እሷን ነው። በፎቷችሁ ላይ ያሉት ግን ጅራታቸው አልተከፈለም፣ ክንፋቸው ቀጭንና ሹል ነው፣ መጠናቸውም እርግብ ቢያህል ነው።

ከዚህ በኋላ ነው መለየቱ የሚከብደው። ምክንያቱም በፎቶው ላይ ያለችው ጭልፊት ከሩቅ አገር የምትመጣ መንገደኛ ስትሆን አንዲት የቅርብ ዘመድ አለቻት፤ ዓመቱን ሙሉ እኛው ዘንድ በገደል ላይ የምትኖር ጭልፊት። ሁለቱም አየር ላይ ቀጥ ብለው ቆመው ክንፋቸውን እያርገበገቡ መሬት ያያሉ። ከሩቅ ብዙ ጊዜ እኔም እሳሳታለሁ። ወንዶቹ ላይ ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። የመንገደኛዋ ወንድ ራሱ ሰማያዊ ግራጫ ነው፣ ጀርባው ደግሞ አንዲት ነጥብ የሌለበት፣ ልክ አዲስ የሸክላ ጀበና የመሰለ ቀለም ነው። ክንፉ ላይ በሸክላው ቀለምና በጥቁሩ መካከል ሰማያዊ ግራጫ መስመር ያልፋል። የአገሬው ወንድ ጀርባው በጥቁር ነጥብ የተረጨ ነው፤ ከዓይኑ ሥርም እንደ ጢም የወረደ ጥቁር ምልክት አለው። ሴቶቹ ሁለቱም ዝንጉርጉር ቡናማ ስለሆኑ በላባ መለየት አድካሚ ነው። እጅ ላይ ከገባች ግን ጥፍሯን እዩ። የአገሬዋ ጥፍር ጥቁር ነው። የመንገደኛዋ ነጭ ነው። ልጁ ያመጣት ወፍ ጥፍሯ እንደ ዝሆን ጥርስ ነጣ ያለ ነበር። የእንግሊዝኛውን ስም ከዚህ ቀደም መጽሐፍ ላይ አይቼዋለሁ፤ በሳይንስ ፋልኮ ናውማኒ ትባላለች። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ነጭ ጥፍር ነው የምላት።

ከቀለም በላይ ደግሞ ጠባይዋ ይናገራል። ነጭ ጥፍር በመንጋ ነው የምትሄደው። በሽቦ ላይ አርባ፣ ሃምሳ ሆነው ተደርድረው ካያችሁ የአገሬዋ አይደለችም። አጫጆች ወደፊት ሲሄዱ ከፊታቸው ፌንጣ ይነሳል፤ ወፎቹም ከላይ እየተከተሉ በእግራቸው ይይዙታል፣ አንዳንዴም እየበረሩ ይበሉታል። ሳር ሲቃጠል ከጭሱ ጠርዝ አይጠፉም። ማታ ደግሞ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። እኛ ሰፈር የሚያድሩት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ባሕር ዛፍ ላይ ነው። ከዛፉ ሥር ያልፈጨችውን የምትተፋው ደረቅ ኳስ ይገኛል፤ የአውራ ጣት ጫፍ ያህላል። በጣታችሁ ስታፈርሱት የሚወጣው የፌንጣ ስብርባሪ ነው። አልፎ አልፎ የትንሽ አይጥ ጸጉር አገኛለሁ። እንሽላሊትም ትበላለች። የጫጩት ላባ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ከየት እንደምትመጣ ስነግራቸው ብዙ ሰዎች አያምኑኝም። የምትራባው ከስፔንና ከፖርቱጋል ጀምሮ በጣልያን፣ በግሪክ፣ በቱርክ አድርጎ እስከ ሞንጎልያና ቻይና ባለው አገር ነው። ጎጆ አትሠራም። የድሮ ቤት ጣሪያና የግድግዳ ሽንቁር ውስጥ ከ3 እስከ 5 እንቁላል ትጥላለች። ኢየሩሳሌም ውስጥ ሙስራራ በሚባለው ሰፈር የሸክላ ጣሪያ ሥር ትፈለፍላለች። ሰፈሩ ከደብረ ገነት ገዳማችን በእግር የሚደረስ ነው። እዚያ የምትኖሩ አንባቢዎች በመጋቢትና በሚያዝያ ቀና ብላችሁ ጣሪያ ብታዩ ምናልባት ኅዳር ላይ እኛ ማሳ ላይ ያየናትን ታያላችሁ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ወደ እኛ ትወርዳለች፤ አንዳንዷ እዚሁ ትከርማለች፣ ሌላዋ እስከ ደቡብ አፍሪካ ትቀጥላለች። ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ የሱሉልታን ሜዳ የሚያውቅ ሰው በዚህ ወቅት ሳያያት አልቀረም። ይህን ሁሉ አገር የምታቋርጠው ከ200 ግራም የማይበልጥ ሰውነት ይዛ ነው።

በምዕራብ አውሮፓ ከ1950 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ቁጥሯ ክፉኛ አሽቆልቁሎ ነበር። የሣር ሜዳው ታረሰ፣ ጸረ ተባይ ፌንጣውን ጨረሰ፣ አሮጌ ጣሪያዎች ሲታደሱ መግቢያዋ ተደፈነ። ከ1994 እስከ 2011 (እ.ኤ.አ.) በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ ለመጥፋት ከተጋለጡት ጋር ተመዝግባ ቆይታለች። ከዚያ ወዲህ በብዙ ድካም አገግማ ከዚያ መደብ ወጥታለች። ሰዎች በየጣሪያው የጎጆ ሣጥን እየሠሩላት ያተረፏትን ወፍ እኛ በወንጭፍ ስንጥላት ማየት ያንገበግበኛል።

ነጭ ጥፍር የአንበጣ መንጋ ታቆማለች እያልኩ አይደለም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የመጣብንን መንጋ ማንም ወፍ ሊበግረው አይችልም ነበር። ግን በተረጨ ማሳ ላይ የወደቀ አንበጣ የምትለቅም ወፍ መርዙንም አብራ እንደምትውጥ ባለሙያዎቻችን እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ። የዕለት ተዕለቱን ፌንጣ ደግሞ ያለ ደመወዝ ነው የምትለቅምልን።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም ያንን ፎቶ ደግማችሁ አውጡትና ከሥሩ «ፌንጣ በል መንገደኛ ጭልፊቶች» ብላችሁ አርሙት። ልጁ አሁን ማታ ማታ ባሕር ዛፉ ሥር እየቆመ ይቆጥራቸዋል፤ ትናንት ከመቶ በላይ አድርሶ ጠፋበት። እናቱ ግን ገና አላመኑም። እርማቱ ሲወጣ ጋዜጣውን ወስጄ አነብላቸዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ