ስለዘገየው ዕቃና ስለጨመርነው ዋጋ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ?

ከፋሲካ ወዲህ ብዙዎቻችሁ እንደተቀየማችሁን አውቃለሁ። በስልክ የነገራችሁኝ አላችሁ። በቴሌግራም የጻፋችሁልኝ አላችሁ። ወርክሾፑ ድረስ መጥታችሁ፣ ተቆጥታችሁ የሄዳችሁም አላችሁ። ቅሬታው ሁለት ነው። በሦስት ሳምንት ይደርስ የነበረ ዕቃ አሁን አምስት ሳምንት ይፈጃል። በአንድ አልጋ ላይ ደግሞ 2,400 ብር ጨምረናል። አንድ ደንበኛችን «እንጨት እናሞቃለን የምትሉት ዋጋ ለመጨመር ያመጣችሁት ሰበብ ነው» አሉኝ። ያቺ ቃል ከውስጤ አልወጣ ብላኛለች።

ለዘገየው ሁሉ ይቅርታ። በተለይ ለዳግማ ትንሣኤ ሠርግ አልጋ አዘው በቀኑ ላላደረስንላቸው ሙሽሮች፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። እንጨት የሚበላውን ነቀዝ ለመግደል እንጨት ማሞቁን ግን አላቆምም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ አንዷ የሆኑ እናት ደወሉልኝ። ኮተቤ በተከራየኋት የላሜራ ቤት ውስጥ፣ በእቁብ ብር በገዛሁት አንድ መላጊያ ማሽን ሥራ ስጀምር፣ በ2001 ዓ.ም.፣ ያለ ደረሰኝ ቀብድ ከፍለውኝ የሄዱ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ካልጋው ሥር በየጠዋቱ ዱቄት እጠርጋለሁ፣ በየጠዋቱ ይመለሳል» አሉኝ። የዚያኑ ቀን ሄድኩ። ወለሉ ላይ ተኝቼ በስልኬ መብራት ከታች አየሁት። የዋንዛው ጎን፣ ነጣ ያለው፣ ከቅርፊቱ ሥር የነበረው ክፍል፣ የክብሪት ጫፍ እንኳን የማያስገቡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሞልተውታል። በጣቴ መታ ሳደርገው እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነገር ፊቴ ላይ ፈሰሰ። በቅርቡ በእጄ የሠራሁላቸው አልጋ ነው። እሳቸው ቡና አፍልተው ጠበቁኝ እንጂ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነቀዝ ነው። ብዙ ሰው ቀዳዳውን ሲያይ ነቀዙ እቤቱ መጥቶ የገባ ይመስለዋል። ቀዳዳው ግን የወጣበት ነው። እናቲቱ ነቀዝ ጥሬ እንጨት ላይ ባሉ ስንጥቆችና ቀዳዳዎች ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። ትሉ ውስጥ ለውስጥ፣ አንዳንዴ ዓመት ያህል፣ ያን ነጣ ያለ ክፍል እየበላ ይኖራል። ካደገ በኋላ ነው በስቶ የሚወጣው። ስለዚህ አልጋውን ስሸጥላቸው ትሉ ውስጡ ነበረ ማለት ነው። እኔም አላየሁት፣ እሳቸውም አላዩት።

በዚያ ዓመት አራት አልጋና አንድ ቁም ሳጥን መልሼ በራሴ ወጪ ቀየርኩ። መድኃኒት ቀቡት ያሉኝ ነበሩ። ነጭ ጋዝና የተቃጠለ ዘይት ያሉኝም ነበሩ። ለአጥር እንጨት ይሁን፤ ሕፃን የሚተኛበት አልጋ ላይ ግን እጄ አይሄድም። ላዩ ላይ የተቀባ ነገር መሐል ያለውን ትል ሁሉ ላይደርስበትም ይችላል።

ሙቀት ግን ይደርሰዋል። ወደ ውጭ አገር በሚላኩ የእንጨት ፓሌቶች (ዕቃ የሚጫንባቸው የእንጨት መደቦች) ላይ የስንዴ ዛላ ምልክትና «ኤች.ቲ.» (በሙቀት የታከመ ማለት ነው) የሚል ማኅተም አይታችሁ ይሆናል። ይህ ተባይ በእንጨት ማሸጊያ ከአገር አገር እንዳይዛመት የሚከለክለው፣ አይ.ኤስ.ፒ.ኤም. 15 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ። እንጨቱ መሐሉ ሳይቀር 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ፣ ሳያቋርጥ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት ይላል። ደንቡ የቤት ዕቃን አይመለከትም። እኛም ማኅተሙ የለንም፣ አለን ብለንም አናውቅም። ልኩን ግን ወስደን የራሳችን አደረግነው።

ማሞቂያ ክፍሉን እኛው ሠራነው። ከምናለሽ ተራ በገዛነው የሳንድዊች ፓነል (መሐሉ ሙቀት የሚይዝ ነገር ያለበት ላሜራ) ቁርጥራጭ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ ሜትር ተኩል። ሁለት ባለ 2 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያና ሁለት ቬንቲሌተር አለው። ማሞቅ ቀላል ይመስለኝ ነበር። ሙቀቱን መቆጣጠር ነው ያስቸገረን።

መጀመሪያ የገጠምነው የኦቨን ቴርሞስታት ነበር። 65 ላይ ስንሞላው 80 ይደርሳል፣ ከዚያ ይጠፋና 52 እስኪወርድ አይነሳም። ላይኛው ጣውላ ሲግል ታችኛው ለብ ይላል። ድፎ ዳቦ የጋገረ ሰው ይገባዋል። ላዩ ቡናማ ሆኖ መሐሉ ሊጥ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሙቀት የሚለካው ሴንሰር በር አጠገብ ተንጠልጥሎ የሚነግረን የአየሩን ሙቀት ነበር፤ እኛ ማወቅ የፈለግነው ደግሞ የእንጨቱን ሆድ ነው።

አሁን ከሁሉም ወፍራም የሆነውን ጣውላ መርጠን እስከ መሐሉ እንበሳለን። ሴንሰሩን አስገብተን አፉን በስቱኮ እንደፍናለን። ሌላ አንዱን ከታች ጥግ ባለ ጣውላ ውስጥ፣ ሦስተኛውን አየሩ ውስጥ። አየሩ ከ70 እንዳያልፍ ዲጂታል መቆጣጠሪያው ማሞቂያዎቹን ቶሎ ቶሎ እያበራና እያጠፋ ይይዘዋል፤ አንዴ አግሎ አንዴ አቀዝቅዞ አይደለም። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ክፍሉ ውስጥ ውሃ የሞላ ትሪ እናስቀምጣለን። 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ዋንዛ መሐሉ 56 እስኪገባ በእኛ ክፍል ወደ 7 ሰዓት ይወስዳል። 30 ደቂቃው የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያም በሩን ሳንከፍት ቀስ ብሎ እንዲበርድ እንተወዋለን። የመብራት መጥፋትም አለ። 20ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄዶ ሙቀቱ ከ56 ከወረደ፣ ቆጠራው ከዜሮ ነው። ባለፈው ወር አንዱን ጭነት ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጀምረነዋል።

የሠርጉ አልጋ የዘገየውም በዚሁ ክፍል የተነሳ ነው። በዐቢይ ጾም መጨረሻ አንድ ሌሊት፣ 8 ሰዓት ገደማ፣ ዘበኛችን «ጋሼ፣ ክፍሉ ይሸታል» ብሎ ቀሰቀሰኝ። ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ኮንታክተር ግሎ ተጣብቆ ቀርቷል። መቆጣጠሪያው «ጥፋ» ይላል፣ ማሞቂያው አይሰማም። አየሩ 94 ደርሷል። ጠዋት በሩን ስንከፍት ጣውላው ሁሉ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። የሁለት ሠርግ እንጨት ነበር። ደረቅ ዋንዛ እስክናገኝ ሦስት ሳምንት ሄደ። ያን ጊዜ ያልሞቀ እንጨት ከመጋዘን አውጥቼ ሠርቼ ማስረከብ እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም ነበር። እኔ ግን የእኚያን እናት መኝታ ቤት አስታወስኩ።

ከዚያ በኋላ ለብቻው የሚሠራ ሁለተኛ መቁረጫ ገጠምን። አየሩ 78 ከደረሰ ዋናውን መስመር ራሱ ይቆርጣል። ቬንቲሌተሩ ከቆመም ማሞቂያው አብሮ ይጠፋል።

ስለ ዋጋው ደግሞ ላስረዳችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 በላይ ወጣ። ማጠፊያው፣ ቫርኒሹ፣ ኮላው፣ መቆጣጠሪያው ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የመብራት ታሪፍም ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ያኔ ብዙዎች በየወሩ ዋጋ ሲቀይሩ እኛ ለስድስት ወር አልነካነውም። የሠራተኞቼን ደሞዝ ለመክፈል መኪናዬን የሸጥኩበት ወር ነበር። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። 2,400 ብሩ ለመብራት፣ ሌሊት ለሚቆጣጠረው ልጅ፣ ለሚበላሸው ጣውላ ነው። ቀድማችሁ ቀብድ የከፈላችሁ ደግሞ የምትከፍሉት በድሮው ዋጋ ነው፤ አንድ ብር አንጨምርም።

«የኔን ሳታሞቁ ቶሎ ስጡኝ፣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ያላችሁኝ አላችሁ። አይሆንም። እምቢ ስላችሁ ደስ ብሎኝ አይደለም። ከአንዱ አልጋ የወጣ ነቀዝ ቫርኒሽ ያልነካው እንጨት ካገኘ እንቁላሉን ይጥላል። የእናንተ ቁም ሳጥን ጀርባ ያልተቀባ ነው፤ የጎረቤታችሁም እንዲሁ።

ሙቀት የሚገድለው ውስጡ ያለውን ነው፤ ነገ ከሌላ ቦታ የሚመጣውን አይከለክልም። ስለዚህ አሁን ከታችና ከጀርባም ቫርኒሽ እንቀባለን። ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር የሞቀበትን ቀን፣ የመሐሉን ሙቀትና የቆየበትን ደቂቃ የያዘ ወረቀት ታገኛላችሁ። መዝገቡም ክፍት ነው። መጥታችሁ እዩት፣ ክፍሉንም እዩት።

ከዚህ በፊት ከእኛ የገዛችሁት ዕቃ ዱቄት ካራገፈ ደውሉልን። እኛው መጥተን እናነሳለን፣ በነፃ አሙቀን እንመልሳለን። ስፖንጅና ጨርቅ ያለበት ሶፋ ግን ክፍሉ ውስጥ አይገባም፣ እሱን በሌላ መንገድ እናያለን።

በዚህ ሳምንት የሚጠብቁ አሥራ አንድ ትዕዛዞች አሉ። መብራት ካልሄደብን ክፍሉ በሳምንት ሦስት ጭነት ያወጣል። ተራችሁ መቼ እንደሆነ ለእያንዳንዳችሁ እኔው ራሴ እደውላለሁ። እባካችሁ ስልኩን አንሱልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የወርክሾፑ ባለቤት፣ ኮተቤ