ደብዳቤ ለልጄ፦ ርካሽ የአደን ፍላፃ ስትገዢ

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ያን ቀን በስልክ የጠየቅሽኝን በስልክ መመለስ አልሆነልኝም፣ አንቺ ቶሎ ቶሎ ታወሪያለሽ እኔ ደሞ አስቤ ነው የምናገረው፣ ስለዚ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ። ለቀስት አደን የሚሆን ፍላፃ በርካሽ ይገኛል ወይ ነው ያልሽኝ። ይገኛል። ብቻ የረከሰው ምን ተቀንሶበት እንደሆነ እያየሽ ግዢ፣ አንዳንዱ ማንም የማያውቀው ጥራት ነው የተቀነሰበት፣ አንዳንዱ ደሞ እንስሳውን አቁስሎ የሚያስቀር ነገር ነው የተቀነሰበት።

ደስ የሚለውን ላስቀድም፣ ዋናው ነገር ተጨማሪ ብር አያስወጣም። ዋናው ስፓይን የሚሉት ነው፣ ዘንጉ ምን ያህል ይጎብጣል ማለት ነው። ሲለኩት 28 ኢንች ተራርቀው በቆሙ ሁለት ድጋፎች ላይ ያጋድሙትና መሃሉ ላይ 880 ግራም ያንጠለጥሉበታል፣ ግማሽ ኢንች ከጎበጠ 500 ይባላል፣ 0.4 ኢንች ከጎበጠ 400። ስለዚ ቁጥሩ ሲያንስ ዘንጉ ግትር ነው፣ ብዙ ሰው እዚጋ ገልብጦ ይረዳዋል። አውታሩን ስትለቂው ፍላፃው ከኋላው ስለሚገፋ መጀመሪያ ይጎብጣል፣ እንደ ዓሣ እየተውረገረገ ነው ከቀስቱ የሚወጣው፣ ለቀስትሽ ጉልበት በጣም ልል ከሆነ ቶሎ አይረጋም፣ ፊቱ ላይ ምላጭ ሲታሰርበት ደሞ ይብሳል። ርካሹም ውዱም ዘንግ በ400ም በ500ም ይመጣል፣ ያንቺን መምረጥ ብቻ ነው። ፋብሪካዎቹ ሠንጠረዥ በነፃ ያወጣሉ፣ የምትስቢውን ፓውንድ (የቀስቱን የመሳቢያ ጉልበት)፣ የፍላፃሽን ርዝመትና የጫፉን ክብደት ይዘሽ ትገቢበታለሽ። 50 ፓውንድ ለሚስብ ኮምፓውንድ፣ ባለ መዘውሩ ቀስት ማለት ነው፣ 27 ኢንች ፍላፃና 100 ግሬይን (ወደ 6.5 ግራም) ጫፍ ብትዪው ብዙውን ጊዜ 500 አካባቢ ይሰጥሻል። ዘንጉ ሲረዝም ወይ ጫፉ ሲከብድ ፍላፃው ልል እየሆነ ነው የሚሄደው፣ ሁለት ቁጥር መሃል ከወደቅሽ ግትሩን ያዢ። "ለማንኛውም ቀስት ይሆናል" የሚል እሽግ ካየሽ ግን ዝም ብለሽ እለፊው፣ ለሁሉም የሚሆን ስፓይን የለም።

የምትቆጥቢበት ቦታ ቀጥተኛነቱ ላይ ነው። ያው አንድ ዓይነት ዘንግ በሁለት በሦስት ዋጋ ይሸጣል፣ ላዩ ላይ 0.001፣ 0.003 ወይም 0.006 ተጽፎበት፣ ከቀጥታ የሚያፈነግጥበት መጠን ነው እሱ፣ በኢንች። ትልቁ 0.006 እንኳ 0.15 ሚሊሜትር ማለት ነው እኮ። ብዙ ጊዜ ከአንድ ማምረቻ ወጥተው ከተለኩ በኋላ ነው የሚለያዩት። አንቺ 20 እና 25 ሜትር ላይ ነው የምትተኩሺው፣ እዛ ርቀት ላይ ያንቺም የኔም እጅ ከዛ በላይ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚ 0.006ቱን ግዢና ገንዘቡን ወደ ጫፉ አዙሪው። ቀለሙ፣ የቅጠል ስዕሉ፣ ምኑ ምናምኑ፣ እሱንም ተይው።

ከምን ይሠራ ላልሽው፣ አልሙኒየም ርካሽና እኩል ክብደት ያለው ነው ግን ይጎብጥና ጎብጦ ይቀራል። ካርቦን ወይ ቀጥ ያለ ነው ወይ ተሰብሯል፣ መሃል የለውም፣ ለአንቺ እሱ ይሻላል። የጀማሪ ፋይበርግላስ ለዒላማ ልምምድ እንጂ ለአደን አይሁን፣ እንጨት ደሞ ኮምፓውንድ ላይ በጭራሽ።

ክብደቱን አትናቂ። ቀላል ፍላፃ ይፈጥናል ብለው ይሸጡልሻል፣ እውነት ነው ይፈጥናል፣ ግን በጣም ሲቀል ጉልበቱ ፍላፃው ውስጥ ሳይሆን ቀስቱ ውስጥ ይቀርና ቀስቱን ያናጋዋል፣ ብዙ ኮምፓውንድ ሠሪዎች ለእያንዳንዱ ፓውንድ ከ5 ግሬይን አታሳንሱ የሚሉት ለዛ ነው። 50 ፓውንድ ላይ 250 ግሬይን መሆኑ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ለአደን 400 አካባቢ ይሁንልሽ፣ ወደ 26 ግራም ማለት ነው፣ ከባዱ ዘልቆ ይገባል ድምፁም ይቀንሳል።

ጫፉ ላይ ግን እንዳትቆጥቢ ባክሽ። ፍላፃ እንደ ጥይት መትቶ አይጥልም፣ የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው፣ ምላጩ ካልተሳለ እንስሳውን አሰቃይተሽ ነው የምትለቂው። ሲመታ የሚከፈተው ዓይነት ለመከፈት ራሱ ጉልበት ይበላል፣ 50 ፓውንድ ላይ ቋሚውን ብሮድሄድ (ምላጩ የማይታጠፈውን የአደን ጫፍ) ነው የምመርጥልሽ፣ ደግሞም መልሶ ይሳላል፣ ውሎ አድሮ እሱ ነው ርካሹ። ከልምምድ ጫፍሽ ጋር ክብደቱ አንድ ይሁን፣ ቢሆንም አንድ ቦታ ይመታሉ ብለሽ አትመኚ፣ ከአደኑ በፊት በብሮድሄዱ ዒላማ ላይ ሞክሪው። አንዱን ለልምምድ ብቻ መድቢው፣ የቀሩት ስለታቸው እንዳለ ይቀመጡ። ምን ዓይነት ጫፍና ስንት ፓውንድ እንደሚፈቀድ የምታድኚበት ቦታ ሕግ ስላለው እሱንም ሳታዪ እንዳትገዢ።

ላባው የፕላስቲክ ሦስት ይበቃል፣ ትንሽ ጠመም ተደርጎ የተለጠፈ ይሁን፣ ፍላፃውን እያሽከረከረ ያረጋዋል። ሲላጥ ራስሽ መልሰሽ ለጥፊው፣ ሙጫና መለጠፊያ መያዣ ብቻ ነው የሚፈልገው።

አሁን የምነግርሽን ደሞ ሁሌ አድርጊው፣ ርካሽ ይሁን ውድ። ካርቦኑን ከመተኮስሽ በፊት ሁለቱን ጫፍ ይዘሽ ከፊትሽ አርቀሽ በትንሹ አጉብጪው፣ ጆሮሽን ሰጥተሽ፣ ሩብ ሩብ እያዞርሽ በሁሉም ጎኑ። ጠቅ የሚል ወይ የሚንሿሿ ድምፅ ከሰማሽ አለቀለት። ከዛ በጥጥ ከዳር እስከ ዳር አብሺው፣ ጥጡ የሆነ ቦታ ክር ይዞ ከቀረ እዛጋ ስንጥቅ አለ። ኖኩንም፣ አውታሩ የሚገባበትን የኋላ ጫፍ፣ እዪው፣ እሱም ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን ለልምምድ ብለሽ እንዳታስቀምጪው ሰብረሽ ጣይው፣ ሲለቀቅ ተሰባብሮ የሚገባው ቀስቱን በያዘው እጅሽ ውስጥ ነው። ያገለገለ ካርቦን ከማታውቂው ሰው አትግዢ የምልሽም ለዚሁ ነው፣ ምን እንደመታበት አታውቂም።

አሥራ ሁለት ከምትገዢ ስድስት ደህና፣ ከአንድ እሽግ፣ ስፓይናቸውም ክብደታቸውም አንድ የሆነ ግዢ። ከመክፈልሽ በፊት አሁን ያለሽን ፍላፃ ከኖኩ ጎድጓዳ ጀምረሽ ዘንጉ እስከሚያልቅበት፣ ጫፉን ሳትቆጥሪ ለኪና ስንት ፓውንድ እንደምትስቢ ጨምረሽ ላኪልኝ፣ ሠንጠረዡን አብረን እናየዋለን። ሱቁ "እንቁረጥልሽ" ቢል እስካናወራ አይቁረጡት፣ ያጠረ ዘንግ ቀስቱ ላይ ካለው የፍላፃ ማረፊያ ኋላ ይወድቅና እጅሽን ይወጋል።

አባትሽ