አባባ፣ ስለዚያች የሕግ አስተማሪ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣
ከጅማ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ጅማን አልለቅ ስላለ ቡና አድራቂዎች አልጋው ላይ ያሰጡትን ቀዩን እሸት በፕላስቲክ ሲሸፍኑና ሲገልጡ ይውላሉ። የደም ግፊት መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ አደራ፤ ሲሻልዎ መተው እንደሚወዱ አውቃለሁ።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። በመስቀል ሰሞን ቢሾፍቱ ቤትዎ ተሰብስበን ሳለ፣ «ጥይት ሲያፏጭ ያልሰማ ሰው የወታደር ሚኒስትር ሊሆን አይገባም። አንቺም ከጠመኔሽ ጋር ብትኖሪ ይሻልሻል» ብለውኛል። በእንግዳ ፊት ለአባት መልስ መስጠት ነውር ስለሆነ ዝም አልኩ። ነገር ግን የቀረበልኝን የመንግሥት ሥራ ልቀበል ወይም ልተው በዚህ ወር መወሰን አለብኝ፤ ያለ እርስዎ ምርቃት ደግሞ እግሬ አይነሣም። ስለዚህ ይፍቀዱልኝና ልሟገትዎ።

ጦር ሜዳ ሳትውል የአገሯ የመከላከያ ሚኒስትር የሆነች ካርሜ ቻኮን የምትባል ስፔናዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1971 ባርሴሎና አጠገብ ተወለደች። ልቧ ከተፈጥሮ ችግር ነበረበት፤ በደቂቃ የሚመታው 35 ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። ሕግ አጥንታ በዢሮና ዩኒቨርሲቲ ሕገ መንግሥት አስተማረች፤ እኔ እዚህ የማስተምረውን ማለት ነው። በ2000 ለምክር ቤት ተመረጠች፣ በ2004 የምክር ቤቱ አንደኛ ምክትል አፈ ጉባኤ፣ በ2007 የቤቶች ሚኒስትር ሆነች።

ስለዚያ ምክር ቤት አንድ ነገር ልንገርዎ። የካቲት 1981 እ.ኤ.አ. ቴሄሮ የተባለ ሌተና ኮሎኔል ታጣቂዎቹን አስከትሎ ሽጉጡን እንደያዘ አዳራሹ ውስጥ ገባ፤ እንደራሴዎቹንም አግቶ አሳደራቸው። መፈንቅለ መንግሥቱ ከሸፈ፤ ታጣቂዎቹ ወደ ጣሪያው የተኮሱት ጥይት የበሳው ቀዳዳ ግን እስከ ዛሬ አለ። ቻኮን ያኔ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላትም። ካደገች በኋላ ምክር ቤቱን በምክትል አፈ ጉባኤነት ያገለገለችው በዚያው ጣሪያ ሥር ነው። ታዲያ ጠመንጃ ከሕግ በላይ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ጦር ሜዳ መዋል ነበረባት?

ሚያዝያ 2008 እ.ኤ.አ. የመከላከያ ሚኒስትር ሆና ስትሾም የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በስፔን ታሪክ በዚያ ወንበር የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የስፔን ጦር ሴቶችን መቀበል ከጀመረ ገና ሃያ ዓመቱ ነበር። ፎቶግራፉን አይተውት ቢሆን ደስ ባለኝ፤ የሚቀጥለው ስመጣ አሳይዎታለሁ። ወታደሮቹ መሣሪያቸውን ይዘው በሰልፍ ቆመዋል፤ እሷ የእርጉዝ ሸሚዝ ለብሳ፣ ሆዷ ወደ ፊት ገፍቶ፣ በፊታቸው ታልፋለች። ለመኮንኑ የሰጠችው ትእዛዝ በእኛ ወግ «ሻምበል፣ ተጠንቀቅ በላቸው!» እንደ ማለት ነው። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የሰሙት ቃል ነው። ሰልፈኛውም ተጠንቀቅ አለ። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ በዚያው ሆዷ አፍጋኒስታን ሄዳ ወታደሮቿን ጎበኘች፤ በግንቦት ወንድ ልጅ ወለደች።

ፎቶግራፉን ለተማሪዎቼ አሳይቼው ነበር። አንዱ የአጋሮ ልጅ እጁን አውጥቶ የእርስዎኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «እውነት ከልባቸው ይታዘዟታል?» አለ። የእኛን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 እንዲያነብ አደረግሁት። የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሰው ሲቪል መሆን እንዳለበት እዚያው ተጽፏል፤ ሠራዊቱ ምንጊዜም ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ እንደሚሆንና ተግባሩን ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ እንደሚያከናውን ጭምር። ወታደሩ የሚታዘዘው ሹመቱን የሰጣትን ሕግ ነው አልኩት። እርስዎንም የምለው ይህንኑ ነው።

ደግሞ የኛን ነገር ከእርስዎ የበለጠ ማን ያውቃል? በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1981፣ የኮሎኔል መንግሥቱን መንግሥት ለመገልበጥ ሲሞከር፣ አየር ኃይል ግቢ ውስጥ ነበሩ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያም በመፈንቅለ መንግሥቱ ጠንሳሾች ተገደሉ። የእርስዎ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ሙከራው ሲከሽፍ ሕይወታቸውን አጠፉ፤ በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ገዳይም ሟችም፣ አስረሻኙም፣ ሁሉም ጥይት ሲያፏጭ የሰሙ ወታደሮች ነበሩ። የጎደላቸው የውጊያ እውቀት አልነበረም። ከሁሉም በላይ ሆኖ የሚዳኛቸው ሕግ ነው ያልነበረው። ስለዚያ ሳምንት ስናነሣብዎ ፊትዎ እንዴት እንደሚጠቁር ስለማውቅ አላበዛውም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ቻኮን ምንም አልተሳሳተችም አልልዎትም። መጋቢት 2009 እ.ኤ.አ. የስፔን ጦር ከኮሶቮ እንደሚወጣ እዚያው ሄዳ ስታውጅ አጋር አገሮች በደንብ አልተመከረበትም ብለው ተቆጡ። እኔም ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ ጎን ለጎን ለተሰለፈ ጓድ ሳይነግሩ መስመር መልቀቅ ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ግን ይህ ስሕተት የመጣው ወታደር ስላልነበረች ነው ለማለት ይከብዳል። ጄኔራሎችም እንደዚህ ያደርጋሉ።

በ2012 እ.ኤ.አ. የፓርቲዋ መሪ ለመሆን ተወዳድራ በ22 ድምፅ ተሸነፈች። ከዚያ በኋላ ማያሚ ሄዳ እንደገና አስተማረች፤ አባባ፣ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሥልጣን ሲቀር ወደ ክፍሏ መመለስ ችላለች። በ2017 እ.ኤ.አ.፣ በ46 ዓመቷ፣ በልቧ ሕመም ማድሪድ ቤቷ ውስጥ ሞተች።

እኛም ጋ ወይዘሮ አይሻ መሐመድ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 2011 የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሲሆኑ ሙያቸው ምሕንድስና ነበር። ያኔ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ከፍ አድርገው እስከ መጨረሻው እንደተከታተሉት እናቴ ነግራኛለች። ምን አስበው እንደነበር ግን ነግረውኝ አያውቁም፤ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

የቀረበልኝ ሥራ ከመከላከያ ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ኃላፊነት ነው። ግን ጥያቄው ያው ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ባለሥልጣን በሕግ ይገዛል እያልኩ ካስተማርኩ በኋላ ነይ ሲሉኝ ጠመኔዬን ይዤ ብደበቅ፣ ተማሪዎቼ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ? ልቀበለው አስቤአለሁ።

አሁንም ካልተስማሙ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይመልሱልኝ፤ ዓይንዎ ካስቸገረዎ ለታናሽ ወንድሜ እየነገሩት ይጻፍልዎ። ደብዳቤዎ ወሩ ሳያልቅ ከደረሰኝ ውሳኔዬን ከማሳወቄ በፊት አነበዋለሁ። ለገና ከልጆቹ ጋር ስለምንመጣ የቀረውን ፊት ለፊት እንሟገታለን።

አክባሪ ልጅዎ