ለጤና ሚኒስቴር፦ «ፖዘቲቭ ነህ» ብላችሁ ብቻ አትሸኙን

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣

ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድሜ ከአንድ ጤና ተቋም ይዟት በመጣት ቁራጭ ወረቀት ምክንያት ነው። በእስክሪብቶ «ኤችቢኤስኤጂ ፖዘቲቭ» ተብሎ ተጽፎባታል፣ ማለትም ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ምልክት በደሙ ተገኝቷል፣ ሌላ ምንም የለም። ምን ማለት ነው ብሎ ሲጠይቅ «ጉበትህ ላይ ቫይረስ አለ፣ መድኃኒት የለውም» ተባለ። በቃ። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። የሚበላበትን ሳህን ሁሉ ለብቻው አደረገ፣ አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ የነገረው ሰው የለማ!

ሄፓታይተስ ቢን ከሰውነት ጠራርጎ የሚያወጣ መድኃኒት ገና የለም፣ እውነት ነው። ግን እንደ ቴኖፎቪር ያለ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ቫይረሱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ጉበት ወደ ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ መጠንከር) እና ወደ ካንሰር የመሄድ ዕድሉንም በጣም ይቀንሳል። ክኒኑን አሁኑኑ መጀመር አለበት ወይስ በክትትል ይቆይ የሚለው የሚታወቀው የቫይረሱ መጠን፣ የጉበት ኢንዛይምና የጉበቱ ጠባሳ ታይቶ ነው። ቫይረሱ ከ6 ወር በላይ መቆየቱም መረጋገጥ አለበት። የትዳር ጓደኛና ቤተሰብ ይመርመር፣ ነጻ የሆነው ይከተብ። ይህን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሄፓታይተስ ሲ ላይ ደግሞ ዝምታው የባሰ ያንገበግባል፣ ምክንያቱም እሱ ይድናል። ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ ክኒን ከ100 ሰው ከ95 በላይ የሚሆነው ይፈወሳል። ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራውን የሚያየው የመጀመሪያው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ፖዘቲቭ ቢል እንኳ ሰውነቱ ራሱ ቫይረሱን አስወግዶት ሊሆን ስለሚችል አር ኤን ኤ የሚያይ፣ ማለትም ቫይረሱ ራሱ አሁንም በደም ውስጥ መኖሩን የሚያሳይ ሁለተኛ ምርመራ የግድ ነው። ስንቱ ሰው የመጀመሪያዋን ወረቀት ብቻ ይዞ ይቀራል?

ተቅማጥ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ምርመራ ሳይኖር መድኃኒት ይበዛል። የጎረቤቴ ሕፃን ሲያስቀምጠው እናቱ አንቲባዮቲክ ሽሮፕ ተሰጥቷት መጣች። ኦ አር ኤስ የሚባለው፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የጨውና የስኳር ዱቄት አልተነሳም። ማታ ሳየው ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አልተመለሰም። ይህ ራሱ ምርመራ እኮ ነው! ላብራቶሪ አይፈልግም፣ እጅና ዓይን ይበቃል። ልጁን ሊገድለው የነበረው የውሃው ማለቅ ነው።

የሕፃናት ውሃ መሰል ተቅማጥ አብዛኛው ከቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ እንዲያውም ራሱ ሊያስቀምጥ ይችላል። ደም ሲቀላቀል፣ ኮሌራ ሲጠረጠር ነገሩ ሌላ ነው፣ ያኔ መድኃኒቱ ቦታ አለው። ለሌላው አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ጡቱም ሳይቋረጥ።

የምንለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። የሄፓታይተስ ውጤት ወረቀት ላይ ቀጣዩ ምርመራ ምን እንደሆነና የት እንደሚሠራ ታትሞ ይውጣ። ተቅማጥ ይዞት ለመጣ ልጅ ሽሮፕ ከመጻፉ በፊት ኦ አር ኤስና ዚንክ እጁ ይግባ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጥ፣ ሲወለድ ከተያዘ ከ10 ሕፃናት 9ኙ ዕድሜ ልክ ይዘውት ይቀራሉና።

ወንድሜ የቫይረሱን መጠን የሚለካው ምርመራ የት እንዳለ ዛሬም እየጠየቀ ነው። መልሳችሁን እንጠብቃለን።